ያልተቆረጠ ቀን

ጥቅምት 2

ለወንድሜ ለቀጮ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዐሥር ቀን ሆነው። ሳልመልስልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም፤ ለመጻፍ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ሁልጊዜ ኮሌታው የሚገለበጥ የሰው ሸሚዝ ተኝቶ ስለማገኝ ነው። ይቅር በለኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደኅንነት ቆሞ መሄድ ከሆነ። አባባም ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ጥርሳቸው ከእኔ ይሻላል። አንተስ? ሳሉ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከድልድይ ሥራው አቧራ ጋር ትከራከራለህ?

"ምን ልላክልሽ?" ላልከኝ፣ ምንም። በተለይ ያንን ባለሥዕል የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ እንዳትገዛ። ዓመት ጠብቆ እሳት ማቀጣጠያ ለሚሆን ወረቀት የሚወጣ ገንዘብ እዚህ ቤት የለም። እኔው ልሠራው ነው፤ አንዴ ተሠርቶ፣ ቁጥሮቹ በየወሩ ቦታ እየቀየሩ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል። አዲስ ሸሚዝ ሲታጠፍ ውስጡ የሚገባውን ጠንካራ ካርቶን ለዓመታት ሳጠራቅም ነበር፤ ሠላሳ ቁጥር ከዚያ ይወጣል። ለሰሌዳው የድሮውን ቁም ሣጥን ጀርባ ነቅያለሁ። ሚስማሩን በምን ያህል ርቀት እንደምመታ ግን አላውቅም፤ አናጢ ወንድም ያለኝ ለእንዲህ ያለው ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው?

እንዲህ ያጣደፈኝ የአባባ ጥያቄ ነው። "ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" ይላሉ፤ ሐሙስ ነው እላለሁ። ክሩን መርፌ ውስጥ ሳላስገባ እንደገና ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ብቆጥረው ከቁርስ እስከ ምሳ ሠላሳ አንድ ጊዜ ሆነ። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ጮህኩባቸው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አንድም ቃል አልተነፈሱም፣ እሱ ደግሞ ባሰብኝ። አርባ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጦ ለኖረ ሰው ቀንና ሰዓት ሲጠፋበት መሬት እንደጠፋበት ነው መሰለኝ። ስለዚህ ከእንግዲህ ግድግዳው ይመልስላቸው ብዬ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አብራኝ ስፌት የተማረችውን ጓደኛዬን ታስታውሳታለህ? አሁን አንድ የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ኃላፊ ሆናለች። ከታኅሣሥ አንድ ጀምሮ ቦታ ይዤልሻለሁ ብላ ላከችብኝ። አገሩ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ መኝታ አለው። አርባ አራት ዓመቴ ነው ቀጮ፤ ከዚህ በኋላ ቦታ የሚይዝልኝ ሰው አይመጣም። አንተ ደግሞ ውሌ ኅዳር ሃያ ያልቃል ብለኸኛል። ከመጣህ አባባን ላንተ አስረክቤ እሄዳለሁ። ተራው ያንተ ነው ለማለት አይደለም፤ ደክሞኛል ለማለት ነው።

አባባም በየቀኑ "ልጄ መቼ ነው የሚመጣው?" ይላሉ። ቁርጡን ጻፍልኝ።

እህትህ

ጥቅምት 9

እትዬ፣

ውሃ የሚያመላልሰው ሾፌር ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ አድራሻው በአቧራ ጠፍቶ ነበር፤ ቢሆንም የማን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርኩም። ፖስታ በክር የምትሰፋ ሴት ከአንቺ ሌላ አላውቅም። የሠራተኛው ሰፈር ሁሉ "እህትህ ደብዳቤ ነው ወይስ ሱሪ የላከችልህ?" እያለ ሲያላግጥብኝ ዋለ። ሳሉ ለቆኛል፤ ወይም ለምጄዋለሁ።

አሁን ስሚኝ። ሰሌዳውን ከመምታትሽ በፊት በእርሳስ አስምሪ። ወደ ጎን ሰባት፣ ለቀናቱ ስም፤ ወደ ታች አምስት። የቀናቱን ስም እላዩ ላይ ቀለም ቀቢው፣ እሱ አይነቃነቅም። ሚስማሮቹ ትንንሽ ይሁኑ፣ ግማሹ ድረስ ብቻ ይግቡ፣ ጭንቅላታቸው ትንሽ ወደ ላይ ያቅና፤ አለዚያ በሩ በተዘጋ ቁጥር ቀኑ ሁሉ መሬት ይወርዳል። ካርዱን ስትቀጂ ቀዳዳውን መሃል ላይ አድርጊው፤ የተንጋደደ ቀን ለአባባ ራስ ምታት ነው። ወሩ በመጨረሻው ዓምድ የሚጀምር ከሆነ ሠላሳኛው ቀን ቦታ ያጣል፤ ያኔ ከሃያ ሦስት ጋር አንድ ሚስማር ይጋሩ። ሰው ቤት ይጋራ የለ? ወሩን ለብቻው ከላይ ስቀዪ። ዛሬን ለማሳየት ሌላ ብልሃት አያስፈልግሽም፤ አንድ የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል፣ በየማለዳው ወደሚቀጥለው ቀን ታዛውሪዋለሽ።

ለአፍ ዳገት የለውም እንደምትዪ አውቃለሁ። መዶሻ ስትይዢ አውራ ጣትሽን አስቢ፣ የምትበዪው በሱ ነው።

ስለ ኅዳር ሃያ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ብቻ የድልድዩ መካከለኛ ምሰሶ አርማታ ሊሞላ ስለሆነ ጭንቅላቴ ያለው እዚያ ነው። በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ። ስልኩ እንደሆነ ኮረብታው ጫፍ ካልወጡ አይሰማም፣ እኛን ደግሞ ፀሐይ ሳለ ማንም ኮረብታ አይሰድደንም።

አባባ ስለ እኔ ይጠይቃሉ ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት ይጠይቃሉ? በስሜ ነው የሚጠሩኝ?

ቀጮ

ጥቅምት 20

ቀጮዬ፣

ሰሌዳው ተሠርቶ ተሰቅሏል። አውራ ጣቴን አንዴ፣ ሌባ ጣቴን ሁለቴ መትቻለሁ፣ ስለዚህ ምክርህን ግማሹን ሰምቻለሁ ማለት ነው። ቁጥሮቹን በወፍራም ጥቁር ማርከር ጻፍኳቸው። ከአልጋቸው ትይዩ ሰቀልኩት። በመጀመሪያው ማለዳ አባባ መነጽራቸውን አድርገው ፊቱ ቆሙና ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "የመንገዱ መርሐ ግብር ነው?" አሉ። አዎ አልኳቸው። ምን ልበል? ከዚያ ቀን ወዲህ "ቀኑ ምንድን ነው?" ብለው የጠየቁኝ በቀን ሁለት ሦስቴ ቢሆን ነው። መቆንጠጫውንም እሳቸው ናቸው የሚያዛውሩት። ለአንድ ሳምንት ቤቱ ቤት መሰለ። አንድ ሸሚዝ ሳላቋርጥ ከኮሌታ እስከ እጅጌ ስሰፋ ራሴን ያዝኩት፣ ደንግጬ ቀና አልኩ።

ትናንት ግን አቧራ ላራግፍ ካርዶቹን ሳነሳ ምን ባይ ጥሩ ነው? ከአንድ ጀምሮ ያለፉት ቀናት በሙሉ የቀኝ ጠርዛቸው የለም። ተቀድዷል። ቅዱ ሁሉ እኩል ነው፤ መቀስ አልነካውም፣ የአውራ ጣት ጥፍር ነው። ጎህ ሲቀድ መቆንጠጫውን ያዛውራሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ቆመው የዛሬውን ቀን ይቆርጣሉ ማለት ነው። እኔ ወጥ ሳማስል፣ ከጀርባዬ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ለሚቀጥለው ወርም ያስፈልጋል" አልኳቸው።

"ያገለገለ ነው" አሉኝ።

"እኮ፣ መልሰን እንሰቅለዋለን።"

አየኋቸው፣ ፊታቸው የተቆጣጣሪ ፊት ሆነ። "ባገለገለ ትኬት መልሶ የሚሳፈር ሰው በእኔ አውቶቡስ ላይ ተገኝቶ አያውቅም። ያለቀ ቀን ይመለሳል እንዴ?"

ሳቄን ዋጥኩት። ዋጥኩት ማለት ጓዳ ገብቼ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ እንባዬ መጣ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ያልኩት ነገር ከአንድ ወር በላይ ላያገለግል ነው። የሸሚዝ ካርቶኑ አልቋል። የማይቀደድ ነገር ካለህ ብልሃት ፈልግልኝ።

ስለ ሌላው ነገር አንድ ቃል አልጻፍክም። ኅዳር ሲገባ ሃያ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። "ልጅዎ የሚመጣበት ቀን ነው" ብዬ ከወዲሁ ነግሬያቸዋለሁ። ስለዚህ አሁን የምትመልሰው ለእኔ ብቻ አይደለም።

እህትህ

ጥቅምት 27

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ምሳ ላይ ለሥራ ጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የካርዱን ክፍል ብቻ። ብረት አጣፊው ከሳቁ ብዛት ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። አባባ እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ተራውን ያልጠበቀ ሰው ድልድዩን ረግጦ አያልፍም ነበር።

በዚህ ከረጢት ውስጥ ሠላሳ ቁራጭ አለልሽ። አርማታ የሚፈስበትን ቅርጽ ስንሠራ የሚተርፈው ኮምፖርሳቶ፣ ስስ ጣውላ ነው፣ የሚጣል ነበር። በመጋዝ ቆርጬ በብርጭቆ ወረቀት አሽቻቸዋለሁ፤ ጠርዛቸውን በጣትሽ ዳሺው፣ እንደ ሳሙና ነው። ቁጥሩን በጋለ ሚስማር አቃጥዬ ስለጻፍኩት ውሃም አይለቀው። ይህን ጥፍር ቀርቶ ጥርስም አይቀደው። እኔና አንቺ አርጅተን እርስ በርስ ቀን ስንጠያየቅ ያገለግለናል።

ኅዳር ሃያን በተመለከተ፣ ወንዙ ያለወቅቱ ሞልቶ ሥራው ወደ ኋላ ቀረ። ለመውጣት ፈቃድ እየጠየቅሁ ነው። ቁርጥ ያለ ነገር ሳይኖር ቃል መስጠት አልወደድኩም። ቀዩን ክር እስከዚያ ባታስሪው ምን ይመስልሻል?

ከረጢቱ ከባድ ነው፣ ሾፌሩ ግን እስከ በራችሁ አደርሳለሁ ብሎኛል። ደግ ሰው ነው፣ ሻይ አጠጪልኝ።

አባባ በስሜ ይጠሩኝ እንደሆነ ባለፈው ለጠየቅሁሽ አልመለስሽልኝም።

ቀጮ

ኅዳር 6

ቀጮ፣

እንጨቶቹ ደርሰዋል። አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው። ያንተ እጅ መሆኑ ያስታውቃል፣ ሰባት ቁጥርህ ዛሬም ጎባጣ ነው። ኅዳር አንድ ማለዳ ሰቀልኳቸውና ተገላገልኩ ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ።

ሲመሽ አባባ ፊቱ ቆመው ቁጥር አንድን በጥፍራቸው ሞከሩት። እንደገና ሞከሩት። ከዚያ ሄደው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። በማግስቱ መቆንጠጫውን አላዛወሩም። እኔ ባዛውረው መልሰው ቁጥር አንድ ላይ አደረጉት። "ዛሬ ሁለት ነው" ብል "አንድ ነው፣ አልተቆረጠም" አሉ። ሦስትም መጣ፣ አራትም መጣ፣ እኛ ቤት ግን ኅዳር አንድ ነው። ያልተቆረጠ ቀን አላለፈም ቀጮ። ቀዩን ክር እያዩ "አሥራ ዘጠኝ ቀን" ይላሉ፤ በማግስቱም አሥራ ዘጠኝ፣ በሦስተኛውም አሥራ ዘጠኝ። ክሩን ባታስሪው ያልከኝ ቀኑን ከነገርኳቸው በኋላ ስለሆነ አሰርኩት። በአራተኛው ቀን "ምነው ይሄ አውቶቡስ አይንቀሳቀስም?" ብለው ሲጠይቁኝ ግንባራቸው ላብ ነበረበት። እራት አልቀመሱም።

ትናንት መላውን አገኘሁት። የልብስ ልክ የምናወጣበት ስስ ወረቀት አለ አይደል? በጣት ስፋት ቆራረጥኩትና ከእያንዳንዱ እንጨት ሥር አንድ አንድ ሰካሁ። እንጨቱ ለእኛ፣ ወረቀቱ ለእሳቸው። አምስቱን ቀን በተርታ ቆመው ቆረጡ፣ መቆንጠጫውን ስድስት ላይ አደረጉ፣ ውሃ ጠይቀው ጠጡና ተኙ። የተቆረጠውን ከመሬት ስለቅም ወገቤ አልታጠፍ አለኝ።

አሁን ወደ ሾፌሩ ልምጣ። ባልከው መሠረት ሻይ አጠጣሁት። ደግ ሰው ነው፣ ደግ ሰው ደግሞ ያወራል። "ወንድምሽ ጎበዝ ነው፣ ብዙዎቹ ሲሄዱ እሱ እስከ ሰኔ ድረስ ፈረመ" አለኝ። መቼ ብዬ ብጠይቀው፣ "መስከረም ሳያልቅ ነዋ" አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን እኔ በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ሰማሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልህ አንተ ፈርመህ ጨርሰህ ነበር። ስለ ሚስማር አቀማመጥ ያን ሁሉ ስትዘረዝርልኝ ፈርመህ ነበር። አልቆጣህም። መቆጣት ጉልበት ይፈልጋል፣ ያለኝን ደግሞ ለማለዳ አስቀምጬዋለሁ። ለጓደኛዬ እስከ ኅዳር መጨረሻ መልስ ልሰጣት ይገባል። ለምን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ፤ ወንዝ ሞላ የሚለውን ግን እንዳትደግመው።

እህትህ

ኅዳር 12

እትዬ፣

ይቅርታ ብዬ ብጀምር ይቅርታው ራሱ ያፍራል። የሰማሽው እውነት ነው። ፈርሜያለሁ። ለደመወዙ ብዬ አይደለም፤ ማንም አላስገደደኝም። ኃላፊው ወረቀቱን ሲያዞር እስክሪብቶውን ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሰኔ እናንተ ዘንድ ለሁለት ቀን አድሬ ስመለስ ምን ሆንክ ብለሽኝ፣ ሆዴን ነው ብዬሽ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንቺ ልብስ ልታደርሺ ወጥተሽ፣ እኔ ከአባባ አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ሊያወሩኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና "ወንድሜ፣ የት ነው የምትወርደው?" አሉኝ።

መጨረሻው ፌርማታ አልኳቸው። "መጨረሻው ድረስ ከሆነማ ተደላድለህ ተቀመጥ" አሉና ጠጋ አሉልኝ። ደግነታቸው እትዬ! ለማያውቁት ሰው ቦታ ለቀቁ። በጀርባቸው አዝለው ወንዝ ያሻገሩኝ ሰውዬ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ደብዳቤሽን ሳልከፍት ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። "ልጄ መቼ ነው የሚመጣው ይላሉ" ስትዪኝ፣ በሩቁ ያስታውሱኛል ማለት ነው፣ ፊት ለፊት ስቀመጥ ግን ተሳፋሪ እሆናለሁ አልኩ። ታዲያ በሩቁ ልጅ ሆኜ ብቀር ምናለ? አንቺን ያውቁሻል፣ አንቺ ይሻላቸዋል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ፈሪ ነኝ። ሠላሳ ሜትር ከፍታ ላይ ጣውላ ላይ ቆሜ ሚስማር የምመታ ሰው፣ አንድ ሽማግሌ ፈራሁ።

ስደቢኝ፣ ደስ ይለኛል።

ቀጮ

ኅዳር 17

ቀጮዬ፣

አልሰድብህም። ይልቅ እኔም የምናዘዘው አለኝ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አባባ ስለ አንተ አይጠይቁም። "ልጄ መቼ ነው የሚመጣው" ይላሉ ብዬ የጻፍኩልህ ውሸት ነው፣ እንድትመጣ ብዬ የሸመንኩት። "በስሜ ነው የሚጠሩኝ?" ስትለኝ ሁለቴ ዝም ያልኩህ ለዚህ ነው። የሚጠብቁት ልጅ አለ፣ ያ ልጅ ግን አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ።

ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ አያውቁኝም። አንተን ወንድሜ አሉህ፣ እኔን እመቤቴ ይሉኛል። በመጣህ ጊዜ ምግብ ሳቀርብላቸው "እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ" ሲሉኝ ቀልድ መስሎህ ስቀህ ነበር። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ለእሳቸው እኔ በሽርጥ የምመላለስ፣ መድኃኒት የማቀርብ የሰው ቤት ሴት ነኝ። ልጃቸው ስፌት ልትማር ሄዳለች፤ ፀጉሯ ረጅም ነው፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ይህን ሁሉ የሚነግሩት ለእኔ ነው። ከዚያ "መቼ ነው የምትመጣው?" ይላሉ። ያን ቀን ሠላሳ ሁለተኛው ላይ የጮህኩት ስለ ቀኑ ሲጠይቁኝ አልነበረም፣ ስለ እኔ ሲጠይቁኝ ነው።

መጀመሪያ ላይ "እኔ ነኝ አባባ" እል ነበር። ይፈራሉ። የማላውቃት ሴት ልጅህ ነኝ ብትልህ አንተስ አትፈራም? አንድ ቀን ደግሞ ሽርጤን አውልቄ፣ ፀጉሬን ፈትቼ፣ በጓሮ ወጥቼ በፊት በር ገባሁ። "ደከሙ እመቤቴ፣ ገበያ ሄደው ነው?" አሉኝ። ገባኝ። ያቺ ሽርጥ የለበሰች ሴትዮ ከዓይናቸው እስክትጠፋ ድረስ ልጃቸው የምትገባበት ቦታ የላትም። አንድ ሰዓት አይበቃም፣ ለብዙ ቀን መጥፋት አለብኝ። ከዚህ ቤት ካልወጣሁ ወደዚህ ቤት መምጣት አልችልም።

ፋብሪካውንም እፈልገዋለሁ፣ አልደብቅህም። አጠገቤ ያለች ሴት ከእኔ ጋር ስለ ክር ስታወራ መስማት እፈልጋለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት እፈልጋለሁ። ግን ከዚያም በላይ፣ በወሩ መጨረሻ ሁለት ቀን ፈቃድ ይሰጣሉ አሉ። በዚያ መጥቼ ያቺን በሩን እያዩ የሚጠብቋትን ልጅ አንዴ እንኳ ልሆንላቸው እፈልጋለሁ።

አንተን እንዲያውቁህ አይደለም የምለምንህ። አያውቁህም። ተሳፋሪ ሆነህ ና። ሰው ያስፈልጋቸዋል፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን ለእሳቸው ለውጥ የለውም፤ ይህን ስጽፍልህ እኔንም ያመኛል።

ኅዳር ሃያ ሊሆን ሦስት ቀን ቀረው። ክሩን አልፈታሁትም።

እህትህ

ታኅሣሥ 11

እትዬ፣

ስልካችንን ፋብሪካው በር ላይ ይቀበሉናል ስላልሽ እኔም ፖስታ ገዛሁ። መስፋት አልችልም፣ በኮላ ለጥፌዋለሁ።

ከጠየቅሽው ልጀምር። ይበላሉ። የጠዋቱን ክኒን ይወስዳሉ፣ የማታውን በምላሳቸው ሥር ደብቀው ኋላ ትራስ ሥር አገኘሁት፤ አሁን እስኪውጡ ቆሜ አወራቸዋለሁ። ሸሚዛቸውን አጥቤ አንገቱን አጨማድጄዋለሁ፣ አትቆጪ። ውሉን ስላፈረስኩ የድልድዩ ኃላፊ ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ ብሎኛል፤ እኔም የሱን ዓይን ያን ያህል አልናፍቀውም። ሰፈር ውስጥ በርና መስኮት የሚጠግን ሰው ጠፍቶ ኖሮ፣ ሰው በሥራ ያጣድፈኝ ጀምሯል።

ለአባባ እኔ አናጢው ነኝ። ኅዳር ሃያ ሰባት ከደረስኩ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚሉኝ፣ መስኮቱን ስጠግን ስላዩኝ ይሆናል። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ከጎናቸው ተቀምጬ ተሳፈርኩ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ተሳፈርኩ። አንድ ቀን ትርፍ ሰው አልጭንም ብለው ከአልጋው አስነሱኝ። ፈርቼው የነበረው ነገር በየቀኑ ይደርስብኛል፣ በየቀኑ ሲደርስ ደግሞ ምሳ መሥራትም ስላለ ብዙ አያስቀምጥም። አንቺ ይህን ብቻሽን ስምንት ወር እንደቻልሽው ሳስብ የምገባበት ይጠፋኛል። ይህን በቃል ልነግርሽ አልችልም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ።

ቀዩን ክር በፈቃድሽ በምትመጪበት ቀን፣ ታኅሣሥ ሠላሳ ላይ አስሬዋለሁ። ኅዳር ሃያ አልፎ ልጃቸው ሳትመጣ ስትቀር እንዴት እንደነበሩ አንቺ አይተሻል። እኔ ክሩን ሳስር ያኮርፋሉ ብዬ ነበር፤ ቆመው አዩኝና "የዘገየ አውቶቡስ ቀረ አይባልም" አሉኝ፣ እንደ ማጽናናት። ወረቀቱን በየምሽቱ ይቆርጣሉ። ስሱ ወረቀት ስላለቀብኝ ከሲሚንቶ ከረጢት ቆርጬ ሰካሁላቸው፤ ለጥፍራቸው ጠነከረ መሰለኝ ቅር አላቸው። ከዚያው ከፋብሪካው ጥቂት ብትልኪልን።

አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን "ያቺ ሴትዮስ?" ብለው ጠየቁኝ። ሄዱ አልኳቸው። "ደግ ሴት ነበሩ" አሉ። "ጮኸው አያውቁም። ልጄ ሳታገኛቸው ሄዱ፣ ባየቻቸው ደስ ይለኝ ነበር።" ጓዳ ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴትዮዋን አላነሱም። እንዳልሽው ሆነ፣ ጠፋሽላቸው።

አሁን የመምጫሽን ነገር። በጓሮ እንዳትገቢ፣ እንደለመድሽው በሩን ገፍተሽም እንዳትገቢ። ያውቁሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ ከእንግዲህ በማላውቀው ነገር ቃል አልገባም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ። ትናንት ጎረቤት ሲያንኳኳ ልከፍት ስነሳ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ፤ "ልጄ ከሆነች እኔ ነኝ የምከፍትላት" አሉ። ትራሳቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ሸሚዛቸውን ቆለፉ፣ ግድግዳውን እየያዙ ሄዱ። ከአልጋው እስከ በሩ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ጎረቤቱ የሉም ብሎ ተመልሶ ሄዶ ነበር። ባዶውን በር ከፍተው ግራ ቀኝ አይተው ተመለሱ፣ አልተከፉም። "አልደረሰችም" ብቻ አሉኝ።

ስለዚህ የፊት በሩን አንኳኪ፣ አንኳክተሽም ቁሚ። ምንም ድምፅ ባትሰሚ፣ ቤት ውስጥ ሰው የሌለ ቢመስልሽ፣ ሁለተኛ አታንኳኪ፣ ወደ መስኮቱም አትዙሪ። እኔ አልከፍትልሽም። ታገሺ እትዬ፣ እየመጡ ነው።

ወንድምሽ